አንቺ የሌለሽበት እኛ

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ተከፍላ በወጣች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋን እስከ ደጃፉ ስባ አምጥታዋለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ወይ እሷ ትነሣለች፣ ወይ ደንበኛው ውጭ ቆሞ ያወራል። ከራሷ በላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ይሰማታል፤ ማን እንደሆነም በኮቴው ትለየዋለች። አዲስ ልብስ አትሰፋም። ሥራዋ ጥገና ነው፤ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ለከሳ ታጠባለች፣ ለወፈረ ታሰፋለች። «ሰው ቢከሳም ቢወፍርም እኔ ጦሜን አላድርም» ማለት ትወዳለች።

ስትሠራ ታጉረመርማለች። የፎቁ ነዋሪዎች ለብዙ ጊዜ ጸሎት መስሏቸው በአጠገቧ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ጸሎት አልነበረም። ክር ሲበጠስባት የምትራገመው፣ መርፌ ሲጠፋባት የምትለማመጠው በእናቷ ቋንቋ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ የምታወራው ከእሱ ጋር ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ቋንቋውን የሚሰማላት መኪናዋ ብቻ ነው።

የዚህ ቋንቋ ተናጋሪዎች በከተማው «ማዶዎች» ይባላሉ፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ሸለቆ የመጡ ማለት ነው። ግድቡ ሲሠራ ሸለቆውን ውኃ ሞላውና ሰዉ በየከተማው ተበተነ። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷና ከታላቅ እህቷ ጋር ወደዚህ ስትመጣ ገና ልጃገረድ ነበረች። እህቷ ፖስታ ቤት ተቀጠረች፤ እዚያው ደብዳቤ ስትለይ ኖራ ጡረታ ወጣች። እሷ ደግሞ ስፌት ተማረችና የአገሯን ልጅ፣ ጀልባ ቀዛፊ የነበረ አንድ ዝምተኛ ሰው አገባች። ታላቂቱ ታናሿን «ሚጣ» ነበር የምትላት፤ ታናሺቱም ታላቋን «እትዬ»።

«ነበር» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እህትማማቾቹ ከተኳረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከሱቁ እስከ እትዬ ቤት ያለው መንገድ ትኩስ ዳቦ ይዘው ሳይበርድ የሚደርሱበት ቢሆንም አንዷ በአንዷ ደጅ አታልፍም። መንገድ ላይ ድንገት ከተገጣጠሙ አንዷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስተካክላለች፣ ሌላዋ የሱቅ መስኮት ውስጥ ታያለች።

ሰፈርተኛው ለኩርፊያው ምክንያት አላጣለትም። «የእናታቸው ቤት ዕቃ ነው ያጣላቸው» ያለ አለ፤ «የታናሺቱ ባል ነው» ያለም አለ። የእትዬ ልጅ እናቷን ብትጠይቅ ያገኘችው መልስ «እሷን ጠይቂያት» የሚል ብቻ ነው። እውነቱን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች፤ የምታውቅ መስሏት ነበር ቢባል ይሻላል። ጠቡ ያረፈው በአንዲት ቃል ላይ፣ ያውም በቃሏ ጭራ ላይ ነው።

በማዶዎች ቋንቋ «እኛ» ሁለት ነው። የሚያናግሩትን ሰው ጨምረው «እኛ» ሲሉ ዋሚ ይላሉ፤ እኔም አንተም ያለንበት ማለት ነው። የሚያናግሩትን ሰው ትተው «እኛ» ሲሉ ደግሞ ዋሩ ነው፤ እኔና የእኔ ሰዎች፣ አንተ ግን የለህበትም። የቤቱ ባለቤት «ነገ ምሳ አብረን እንበላለን» ሲል እንግዳው ይጋበዝ አይጋበዝ ሳይጠይቅ ያውቃል። ልጅ ይህን የሚማረው ገና አፉን ሲፈታ ስለሆነ የሚሳሳት የለም። እናት «ኤና» ናት። እህት ለእህቷ «እናታችን» ስትል «ኤና ዋሚ» ትላለች። «ኤና ዋሩ» የሚባለው ለባዳ ነው።

እናታቸው የሞተች ለት የልብስ ሰፊዋ ባል ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እሷም አስታማሚ ነበረች። መርዶው ደርሷት በአውቶቡስ ስትመጣ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ከመቃብሩ በር እየወጣ አገኘችው። እትዬን ሁለት ጎረቤቶች ደግፈዋታል። እህቷን ስታይ ቆመች፣ ቀና ብላ ፊቷን አየቻትና በቋንቋቸው፣ «ኤና ዋሩ አንቺን ስትጠብቅ ሞተች» አለቻት።

የከበቧቸው ሰዎች ምንም አልገባቸውም፤ እህትማማቾች በኀዘን ሲገናኙ የሚባባሉት ነገር መሰላቸው። ልብስ ሰፊዋ ግን እንደ ጥፊ ነው ያረፈባት። እናታችን፤ አንቺ የሌለሽበት የእኛ እናት። ታላቅ እህቷ በአንድ ቃል ከእናቷ ልጅነት ፋቀቻት። መልስ አልሰጠችም። እዚያው ዞራ ወደ አውቶቡስ ተራው ሄደች። እትዬ ቤት አልገባችም፤ ከዚያ ወዲህም አልገባችም።

ባሏ ሲሻለው ነገረችው። እሱ ነገር ማብረድ የሚወድ ሰው ነበርና፣ «ምናልባት ለከበቧት ሰዎች ብላው ይሆናል» አላት።

«ለሰዎቹ ከሆነ 'አንቺን ስትጠብቅ' ትላለች? ዓይን ዓይኔን እያየች?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የወጣችውን ቃል ሊመልሳት የቻለ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ እሱ ራሱ ሲሞት እትዬ መጥታ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አልቅሳ፣ ማንንም ሳታናግር ሄደች። እትዬም የራሷ ቂም ነበራት። ታናሽ እህቷ በእናታቸው ኀዘን ላይ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጀርባዋን ሰጥታት መሄዷን ነው የምታስታውሰው።

ተመራማሪዋ የመጣችው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ወጣት ናት፤ የማዶዎችን ቋንቋ ከመጥፋቱ በፊት ልታጠና ከዩኒቨርሲቲ የተላከች። የእትዬ ልጅ ባል የዩኒቨርሲቲው ሾፌር ስለሆነ መጀመሪያ ያገናኛት ከአማቱ ጋር ነበር። እትዬን ለሳምንታት ስትቀዳ ከቆየች በኋላ ሾፌሩ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ወሬ አመለጠው፤ አማቱ ለካ እህት አለቻቸው። ተመራማሪዋ በማግሥቱ ደረጃው ሥር ተገኘች።

«እማማ፣ የማዶዎችን ቋንቋ ይናገራሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ማን አለሽ?»

«የእህትዎ ልጅ ባል።»

«እህቴስ ምን አለች?»

ተመራማሪዋ አመነታች። «እሳቸው... በዚህ ከተማ የቀሩት ተናጋሪ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነው የነገሩኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እሷ ካለች ልክ ናት፤ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው። የሞተ ሰው ዚፕ ሲቀይር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እምቢ ልትል ነበር ያሰበችው። ግን ልጅቷ ስትሰናበት በተሰባበረ የማዶዎች ቋንቋ «ደህና ዋል» አለቻት። ግሱን ለወንድ በሚባልበት መንገድ ነው ያለችው። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው አረመቻት፤ ልጅቷም ደገመችው፤ እንደገና ተሳሳተች፤ እንደገና አረመቻት። ቋንቋው ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ከሰማች ቆይታለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቋን ከሰዓት በኋላ ዘግታ ሄደች።

ቅጂው የሚካሄደው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነበር። የኮሪደሩ ጫጫታ እየገባ ድምፁን ስለሚያበላሽ ልብስ ሰፊዋ ሁለት አሮጌ ብርድ ልብሶች ደርባ ወፍራም መጋረጃ ሰፋችላት። እትዬ ጠዋት ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ተመራማሪዋ ቀጠሮውን ተጠንቅቃ ለያየችው። ስለ ጠቡ ምንም አልጠየቀችም፤ ሾፌሩ አስጠንቅቋታል።

ሥራው ለልብስ ሰፊዋ ሲበዛ አስቂኝ ነበር። እሷ ተረት ንገሪኝ የምትባል መስሏት ነበር፤ ልጅቷ ግን ዓረፍተ ነገር እየሰጠቻት በቋንቋዋ በይው ትላታለች።

«ውሻው ሰውዬውን ነከሰው።»

አለችው።

«ሰውዬው ውሻውን ነከሰው።»

«ልጄ፣ ይሄ የት አገር ነው የሆነው?»

«የትም አልሆነም፤ ቃሎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ምን እንደሚለወጥ ለማየት ነው።»

«የሚለወጠውማ ውሻው ነው። አሁን እሱ ነው የሚያለቅሰው።»

ሲውል ሲያድር ግን ነገሩ ይጥማት ጀመር። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ስለ ሌሎች ቋንቋዎች ታወራላታለች። ግሳቸውን የሚያስቀድሙ ሰዎች አሉ፤ «ነከሰ ውሻ ሰውዬውን» እንደ ማለት።

«ታዲያ ማን እንደተነከሰ እስኪታወቅ መጨነቃቸው ነው።»

«እኛስ? እኛ ማን እንደሆነ አውቀን ምን እንደሆነ ሳናውቅ ነው የምንጨነቀው» አለች ተመራማሪዋ። «የእናንተ ቋንቋም የከተማው ቋንቋም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። በዚህ ትመሳሰላላችሁ፤ ዘመድ ግን አይደላችሁም።»

«ጎረቤት ከጎረቤት ይማራል።»

«ሊሆን ይችላል። ደግሞ 'ቤት አለኝ' ስንል ልብ ይበሉ፤ 'አለ' የተባለው ቤቱ ነው፣ ለእኔ አለ ነው የምንለው። በአንዳንድ ቋንቋ ግን ባለቤትየው ነው ቤቱን የሚይዘው።»

«እኔ ተከራይ ነኝ። ቤቱም አይይዘኝም፣ እኔም አልይዘውም።» ሻይዋን ቀመስ አደረገችና፣ «የሚለያዩበትስ ይሁን፤ በምንድን ነው ሁሉም አንድ የሚሆኑት?» ብላ ጠየቀች።

ተመራማሪዋ አሰበች። «ሁሉም ይጠይቃሉ። ሁሉም እምቢ ይላሉ። 'እኔ' እና 'አንተ' ብሎ የማይለይ አልተገኘም።»

«እምቢ ማለትማ ማን ያቅተዋል። ልብስም እንዲሁ ነው፤ ሞዴሉ ሺህ ነው፣ አንገት ማስገቢያ የሌለው ግን አላየሁም።»

ስለ «እኛ» የተነጋገሩት ዝናብ በጣለበት አንድ ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ ስለ ዋሚና ስለ ዋሩ ስታስረዳ ልጅቷ ከወንበሯ ልትነሣ ምንም አልቀራት። በባሕር መካከል ያሉ ደሴቶች ላይ፣ እጅግ ሩቅ በሆኑ ተራሮች ላይ፣ ማዶዎችን አይተው የማያውቁ ሰዎች እንዲሁ «እኛ»ን ለሁለት ከፍለው ይናገራሉ አለቻት።

«እነሱም ተጣልተው ይሆናላ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ተመራማሪዋ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወረቀቷን አገላበጠች። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ እማማ። እህትዎ አንዱን ብቻ ነው የሚናገሩት። በሁሉም ቦታ ዋሩ ነው የሚሉት። የሰፈር ልዩነት ይሆን ብዬ ነበር፤ እናንተ የተለያየ መንደር ነው ያደጋችሁት?»

«በአንድ አልጋ ነው ያደግነው።»

«እንግዲያ...»

«ምን አለች? አሰሚኝ።»

ልጅቷ መቅጃ ማሽኑን ከፈተችው። የእትዬ ድምፅ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ስታወራ ከሰማች ያ ሁሉ ዘመን አልፏል፤ ድምፁ ሻክሯል፣ አሮጊት ሆናለች። ስለ ልጅነታቸው ነው የምትተርከው። ዝናብ ሊመጣ ሲል እናታቸው ከወንዙ ዳር ትጠራቸው እንደነበር፣ «ኑ ልጆቼ፣ ወደ ቤት እንግባ» ትላቸው እንደነበር ተናገረች። ግን «እንግባ»ውን ያለችው በዋሩ ነው። ኑ ልጆቼ፣ እኛ ወደ ቤት ልንገባ ነው፤ እናንተ ግን የላችሁበትም።

«እንደገና።»

ልጅቷ ደገመችላት። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ልጆቿን ጠርታ ዝናብ ላይ ጥላቸው ልትገባ! እናቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ትነሣለች።» ሳቋ እንባ አመጣ፤ እንባዋን ስትጠርግም ሳቋ አለቀ። እናትየው በትክክል ምን ትል እንደነበር እትዬ ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ ዝናብ ላይ ጥላቸው ገብታ አታውቅም። እህቷ ሰውን ለመስደብ አይደለም እንዲህ ያለችው። ሌላው ቃል የላትም።

«ጠፍቶባታል?» አለች በዝግታ።

«የሚመስለኝ እንደዚያ ነው። የከተማው ቋንቋ አንድ 'እኛ' ብቻ ነው ያለው፤ ሰው በእሱ ብቻ ሲኖር ሁለቱ ይቀላቀሉበታል።»

«መቼ ነው የጠፋባት?»

«ይህን ማወቅ አይቻልም። በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው።»

«ከእናቴ ሞት በፊት? ወይስ በኋላ?»

ተመራማሪዋ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አልገባትም። «አላውቅም፣ እማማ» አለች። እውነቷን ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ወደ ሱቋ አልተመለሰችም። ጃንጥላዋን ዘርግታ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተው ሾፌሩ ነው። ሲያያት የሚለው ጠፍቶት «ይግቡ... ጫማዎን አያውልቁ» አለና እሱው ባዶ እግሩን ወደ ጓሮ ወጣ።

እትዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ቦሎቄ ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ወደ ትሪው ጎንበስ አለች።

«መንገድ ጠፍቶሽ ነው?»

«በመቃብሩ በር ላይ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት አላስታውስም! ዘገየሽ አልኩሽ። አልዘገየሽም?»

«ዘግይቻለሁ። ስለ መዘግየቱ አይደለም። 'ኤና ዋሩ' ነው ያልሽኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? እናታችን አይደለችም?»

ልብስ ሰፊዋ ሳትቀመጥ አስረዳቻት። መጀመሪያ በከተማው ቋንቋ፣ ከዚያ በራሳቸው፣ ከዚያ በሁለቱም እያቀላቀለች። እትዬ ትሪውን ከጭኗ ላይ አወረደች። ለረጅም ጊዜ እህቷን ሳይሆን ቦሎቄውን ነበር የምታየው። አንድ ነገር ፊቷ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ ደረቷን ቀና አደረገች።

«አውቄ ነው ያልኩት» አለች።

«እትዬ።»

«አውቄ ነው! ተናድጄ ነበር። እናቴ በር በር እያየች ስትሞት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው እንደዚያ ያልኩሽ።»

«ዋሽተሻል።»

«ቋንቋዬን ልታስተምሪኝ መጣሽ? አንቺ ጡት ስትጠቢ እኔ ውኃ እየቀዳሁ እዘፍንበት ነበር!»

«እንግዲያው በይ። 'አንቺና እኔ ገበያ እንሂድ' በይ።»

እትዬ አፏን ከፈተች፣ አለችውም። ዋሩ ነበር። ከአፏ እንደወጣ እሷም አወቀችው፤ ከእህቷ ፊት ላይ ነው ያወቀችው። «ቆይ» አለች። ደግማ ሞከረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የሚመጣው ግን ያው ነው። የምትፈልገውን ቃል ካንዲት ደቂቃ በፊት ከእህቷ አፍ ሰምታዋለች፤ ለራሷ ሲሆን ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ክፉ መሆን ከመርሳት ይቀላታል ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ተመለከተች፤ አዘነችም፤ ደግሞ ተናደደች። ያን ሁሉ ዘመን የተቀየመችበት ስድብ ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀረ።

እትዬ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል፤ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች።

«ለማን ልበለው ነበር?» አለች፣ አሁን ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቷል። «ንገሪኝ እስቲ። ፖስታ ቤት ማን ነበረ? ሲጠይቁኝ 'እኛ ማዶዎች' እላቸዋለሁ፤ እነሱ የሉበትማ፣ ዋሩ ነው። ባሌ የከተማ ልጅ፤ ልጄ ቋንቋውን አትሰማም። እናታችን ጆሮዋ ከደነቆረ በኋላ በእጅ ነበር የምንግባባው። አንቺ ባል ነበረሽ፤ ሲመሽ የምታወሪው ሰው ነበረሽ። እኔ ያንን ቃል ለማን ልበለው?»

ልብስ ሰፊዋ እርጥብ ጃንጥላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠችና ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችው። የቀረውን ቦሎቄ ሁለቱም ለቀሙ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ሾፌሩ ጓሮ ቆሞ ብርድ ሲገባው ነው ሳል አስመስሎ የተመለሰው።

ከዚያ ወዲያ ተመራማሪዋ ስትመኘው የነበረውን አገኘች፤ ሁለት ተናጋሪዎች በአንድ ክፍል። እንደተመኘችው ግን አልሆነላትም። እህትማማቾቹ እንዲያወሩበት ስለተሰጣቸው ሥዕል ከማውራት ይልቅ ስለ አነጋገራቸው ይጨቃጨቃሉ። ታናሺቱ ታርማለች፤ ታላቂቱ «ልክ ነኝ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ የታረመችውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትደግመዋለች። አንዳንዴ ትይዘዋለች፣ በማግሥቱ ይጠፋባታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ እትዬ ናት የምታርመው፤ ልብስ ሰፊዋ ከባሏ መንደር የቀላቀለችውን ቃል እየነቀሰች «ይሄ የጀልባ ቀዛፊዎች ነው፣ የእኛ አይደለም» ትላታለች። ቀረጻው ላይ ከቃሉ ይልቅ «ቆይ» እና «ዝም በይ» ይበዛል። ተመራማሪዋ ሁሉንም ያዘችው። ለአለቃዋ ስትነግረው፣ ሰዎች ስለ ቋንቋቸው ሲጣሉ ያሳዩኝን ነገር ጠይቄ ባላገኘሁት ነበር አለች።

መቃብሩ በር ላይ እትዬ ቃሉ ጠፍቶባት እንደነበርና እንዳልነበር ግን ዛሬም አልታወቀም። ልብስ ሰፊዋ ጠፍቶባት ነበር ትላለች። እትዬ በሰላም ቀን በዚህ ትስማማለች፤ ስትናደድ ደግሞ «አውቄ ነበር» ትላለች። የእትዬ ልጅ በበኩሏ፣ ለአንድ ፊደል ይህን ያህል ዘመን መኳረፍ እብደት እንደሆነ ለሁለቱም ነግራቸዋለች። ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ አንቺ አይገባሽም አሏት።

ተመራማሪዋ ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላ እትዬ ቤት መዋል አስጠላት። ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ደረጃው ሥር ትመጣለች፤ ልብስ ሰፊዋም በርጩማ ገዝታላታለች። ሥራ ፈቶ መቀመጥ ስለማይሆንላት የሚጠብና የሚሰፋ ልብስ ስፌቱን እንድትተረትር ተሰጣት። ዓይኗ ደካማ ነው፤ መነጽር አድርጊ ሲሏት ሰምታ አታውቅም። ባለፈው ወር የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ሱሪ ስትተረትር መቀሱ ስቷት ጉልበቱ ላይ ረጅም ቀዳዳ ከፈተችበት። አዲስ ሱሪ ነበር፤ ግራጫ፣ ለልጁ ምርቃት የተገዛ።

ልብስ ሰፊዋ ቀዳዳውን ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው። «ዓይንሽን ላፈር፣ እትዬ! ምን ልለው ነው?»

«ሲመጣ እንደዚህ ነበር በይው።»

«ከሱቅ የወጣ ሱሪ እንደዚህ ይሆናል?»

«የዘንድሮ ወጣት የተቀደደ አይደል የሚለብሰው!»

«ሰውዬው ጡረታ ሊወጣ ነው!»

ይህ ሁሉ በማዶዎች ቋንቋ ነበር፤ ከደረጃው የሚወርዱ ሰዎች ጠብ መስሏቸው ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ በኩል ተመሳሳይ ጨርቅ አስገብታ፣ ክሩን ከራሱ ከሱሪው ጫፍ መዝዛ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጠቀጥቀው ዋለች። እትዬ ክሩን መርፌው ውስጥ ልታስገባላት ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ክሩን በምራቋ እያረጠበች ታቀብላት ጀመር።

ኃላፊው ማምሻውን መጣ። ሱሪውን ዘርግቶ አየው፣ አገላበጠው፣ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እህትማማቾቹ እኩል አፋቸውን ከፈቱ። አንዷ መቀስ አለች፣ ሌላዋ ጨርቁ ሲመጣም ደካማ ነበር አለች። ሰውየው አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ሱሪውን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተና፣ ለማንኛውም ልጄ የሚያየው ፊቴን ነው ብሎ ሄደ።